ለጸሎት የተጻፈ

ሰውየው ስልኩን ከኮቱ ኪስ አወጣና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ወደ መቅደላዊት አዞረው።

"ይቺን የጻፈችው ሚስቴ ናት" አላት።

መቅደላዊት ከማሽኑ ያወጣችውን ትኩስ ወረቀት እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየች። የራሷ ድረ ገጽ ነው፤ "ደወል" ይባላል። ከላይ የወደቡ ፎቶ፣ ከጎን የሳምንቱ በዓላትና የጀልባ መነሻ ሰዓት፣ ከታች ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወደው "በጸሎት አስቡኝ" የሚለው ገጽ አለ። ከሥራ በተረፈ ጊዜዋ ራሷ ለፍታ የሠራችው፣ እንደ ልጅ የምትሳሳለት ነው። ሰውየው በጣቱ ያሳያት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"ወለተ ኪዳን ነኝ። የልጄን የኃይለ ገብርኤልን ጆሮ ፈውስልኝ። እኔንም ዳግመኛ ወደዚያ ቤት እንዳልመለስ አጽናኝ።"

"ወለተ ኪዳን የሚባል እኮ ብዙ ነው" አለች መቅደላዊት።

"ኃይለ ገብርኤል የሚባል፣ ጆሮውን የታመመ ልጅ ያላትስ?" የሰውየው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚያወራ ይመስላል። "በቁርባን ነው የተጋባን እህቴ። የክርስትና ስሟን ካህኑ ሲጠሩት አጠገቧ ቆሜ ነበር። የልጁም ስም ሲወጣ እዚያው ነበርሁ። ሰው የሚስቱንና የልጁን ስም ይስታል?"

አይስትም። መቅደላዊት ክው አለች። የያዘችውን ወረቀት ለባለቤቱ ለመስጠት እንኳ ረሳችውና ተማሪው ልጅ ራሱ ከእጇ ወስዶ ከፍሎ ወጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመቅደላዊት አባት መሪጌታ ገድሉ ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያገለግላሉ። ከባሕር ዳር ሆኖ ደቅ ደርሶ መሳለም ለማይችል ሰው እሷ መላ አበጀች፤ ሰው የክርስትና ስሙንና ጭንቀቱን ድረ ገጿ ላይ ይጽፋል፣ እሷ በየሳምንቱ አትማ በጀልባ ትልካለች፣ መሪጌታ ስሙን በጸሎት ይጠሩታል። ሌላውም ሰው አይቶ አብሮ እንዲጸልይ ጽሑፉን ገጹ ላይ ታወጣዋለች። ምን ችግር አለው? የወጣው የክርስትና ስም ብቻ ነው። የክርስትና ስም መታወቂያ ላይ የለም፣ ደሞዝ መዝገብ ላይ የለም፣ ጎረቤት አያውቀውም። ከዚህ የተሻለ መሸፈኛ ከየት ይመጣል ብላ ነበር። የማያውቁትን ሁሉ ስትቆጥር የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አላሰበችም። ባል ያውቀዋል። የነፍስ አባት ያውቀዋል። የክርስትና እናት ታውቀዋለች። ሰው ከቤቱ ሲሸሽ ደግሞ የሚሸሸው ከማያውቁት ሰዎች አይደለም። ይሄ አሁን፣ ሰውየው ፊት ቆማ ነው የገባት።

"ማን ልበል?" አለች፣ የምትለው ቢጠፋባት።

"ቢያዝን እባላለሁ። ፋብሪካ ነው የምሠራው። እሷ ባንቺአየሁ ትባላለች።" ስልኩን አነሳ። "የድሮ ስልኳን ዘግታብኛለች፣ አዲስ አውጥታለች። አዲሱ አንቺ ዘንድ አለ።"

"እኔ ዘንድ?"

"ቅጹን እኔም ሞልቼ አየሁት። ስልክ ይጠይቃል። ያሉበትን ቦታ ይጠይቃል።"

ወይ ጣጣ! እውነቱን ነው። ቅጹን ከሌላ ቦታ አምጥታ ወደ አማርኛ ስትመልሰው የስልክና የቦታ መሙያ አብሮ መጣ፤ ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል ብላ ተወችው። ለምን እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለማንም ደውላ አታውቅም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ "የጻፉልን ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል" የሚል አለ፤ እሱንም ያገኘችው ከሰው ገጽ ነው።

"ልጁ ጆሮውን ምን ሆኖ ነው?" አለች። የጠየቀችው ለማሰቢያ ጊዜ እንድታገኝ ነበር።

"ከተወለደ ጀምሮ ነው። መግል ይይዛል፣ ይፈሳል። ሐኪም ቤት መመላለስ ሰለቻት መሰለኝ ይዛው ጠፋች።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እህቴ፣ እኔ ልጄን ነው የምፈልገው። የመሪጌታ ልጅ ነሽ አሉ። ባልና ሚስት ማስታረቅ ጽድቅ አይደለም እንዴ?"

መቅደላዊት ልትሰጠው ምንም አልቀራትም ነበር። ማስታረቅ ጽድቅ ነው ተብላ ነው ያደገችው፤ አባቷ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ዛሬም በዓመት በዓል ጠላ ይልኩላቸዋል። ነገር ግን "ወደዚያ ቤት እንዳልመለስ" የሚለው ቃል ዓይኗ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ አላት።

"ሰው አምኖኝ የጻፈውን አውጥቼ ለመስጠት ይከብደኛል" አለችው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቢያዝን አልተቆጣም። አንገቱን ነቀነቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ግድ የለም። ካንቺ ካልሆነ መሪጌታን ራሳቸውን እጠይቃለሁ። 'ታትሞ ደቅ ለመሪጌታ ገድሉ ይደርሳል' ብለሽ ጽፈሽ የለ? የደቁ ጀልባ አሁን ነው የሚነሣው።" እጅ ነሥቶ ወጣ።

እሱ ከሄደ በኋላ መቅደላዊት ትንሽ ተንፈስ ብላ ነበር። አባቷ ስም እንጂ ሌላ ምን አላቸው ብላ። ከዚያ የምትልከው ወረቀት ትዝ አላት።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። በየሳምንቱ "አትም" የሚለውን ስትጫን ሰንጠረዡ እንዳለ ይወጣል፤ ስም፣ ጸሎት፣ ቦታ፣ ስልክ። ለሕዝብ የሚታየውን አጥርታ ስታበቃ ለአባቷ የምትልከውን አላጠራችውም። አባቴ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ከማን ይደበቃል ብላ። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ወረቀት ቀድደው ቢጥሉ ምንኛ በጀ! መሪጌታ ግን የኪዳን፣ የሥላሴ፣ የገብርኤል ስም ያለበትን ብጣሽ ወረቀት አይጥሉም፣ አያቃጥሉም። ልጅ ሳለች ቆሎ የጠቀለለችበትን የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አስፈትተው አሳልመዋታል። የላከችላቸው ወረቀት ሁሉ፣ ገጹ ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ፣ መጽሐፍ በሚቀመጥበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ ተጣጥፎ አለ። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ ከድረ ገጹ ጓዳ አንድ ስም ሰርዛ አታውቅም።

ለአባቷ ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" ደቅ ላይ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው።

ኮምፒዩተሩን ከፍታ ወለተ ኪዳንን ፈለገች። ቦታ በሚለው ሥር "ወንዛዬ" ይላል፤ ፍል ውሃው ያለበት ነው። ቁጥሩን በስልኳ መታችው። ብዙ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ተነሣ፤ የሚናገር ግን የለም፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

"ሃሎ? ባንቺአየሁ ነሽ?"

በወዲያ በኩል መዝጊያ ሲዘጋ ተሰማ።

"መቅደላዊት እባላለሁ። ደወል የሚባለው ድረ ገጽ… የጸሎቱ…"

"ስሜን ማን ነገረሽ?" አለች ሴትዮዋ። "እዚያ ላይ ስሜን አልጻፍሁም። ቁጥሬንስ ከየት አመጣሽው?"

"ስትጽፊ ሞልተሽው ነው እህቴ።"

"እኔ የጻፍሁት ለጸሎት ነው! ለሰው መች ጻፍሁ?"

መቅደላዊት እየተርበተበተች ነገረቻት፤ ባልሽ መጥቶ ነበር፣ ጽሑፉን አይቷል፣ ከእኔ ምንም አላገኘም፣ አሁን ግን ቁጥርሽና ቦታሽ ያለበት ወረቀት ወዳላቸው ወደ አባቴ እየሄደ ነው። በስልኩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲያወራ ይሰማል። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ በደንብ እንደማይሰማ ልጅ።

"ማን ማን አይቶታል?" አለች ባንቺአየሁ።

"እኔ እደርስበታለሁ" አለች መቅደላዊት። "ለአሁኑ ካለሽበት ሌላ ቦታ ፈቀቅ ብትዪስ?"

"ወዴት ልፈቀቅ? ልጁን በፍል ውሃው ገና እየተሻለው ነው። በየሰው ቤት ስንከራተት ከርሜ እዚህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ወረቀቱን እንዳያገኘው። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እንዳያገኘው።"

መቅደላዊት ስልኩ እንደተዘጋ የጸሎቱን ገጽ ከሕዝብ ዓይን አነሣችው። ከዚያ ሱቁን ዘጋች፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች "እንዴ! ምን ሆነሽ ነው?" እያሉ ሲያጉረመርሙ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ወደቡ ሮጠች።

ትልቁ ጀልባ ራቅ ብሎ ሄዷል። አለበል የሞተር ጀልባውን አስሮ ከእግሩ በታች ያለውን ውሃ በጣሳ ይቀዳል። አብረው ነው ያደጉት፤ ወረቀቱንም በየሳምንቱ የሚያደርስላት እሱ ነው።

"አለበል፣ ደቅ አድርሰኝ። ያን ጀልባ ቀድመን።"

"መቅዲ፣ ሰው ልሙላ እንጂ! ባዶውን ነዳጁን ማን ይችለዋል?"

"እኔ። የወሩን ገቢዬን ውሰደው። ተነሥ በፈጠረህ!"

ፊቷን አየና ገመዱን ፈታ። ከባሕሩ ዳር እንደወጡ ግን የእምቦጭ አረሙ ያዛቸው። ሞተሩ ጉርርር አለና ጠፋ። አለበል ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ መዘውር ላይ ሥሩን በቢላ እየቆረጠ ይጥላል፣ መቅደላዊት ቆማ ትልቁን ጀልባ ታያለች፤ እየራቀ አነሰባት። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ስልኳን ታያለች። "ቶሎ በል" ትለዋለች። "እየቆረጥሁ አይደል? በጥርሴ ልብላው?" ይላታል።

ሞተሩ ሲነሣ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። አለበል ትከሻውን ነቀነቀ።

"እና አንቺ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ባልና ሚስት ናቸው። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ነገ ታርቀው አንቺ ነሽ መጥፎ የምትሆኚው።"

"ልታረቅ ካለች እሷው ትደውልለት። ቁጥሩ የእኔ ነው እንዴ የምሰጠው?"

"ቁጥር ምንድን ነው? የሰው ስልክ ማን የማያውቅ አለ?" አለና ጥቂት ከነዳ በኋላ እጁን ከመሪው ሳያነሣ ዘወር አለ። "ቆይ እስቲ። እኔም እኮ አንድ ቀን ጽፌያለሁ፣ ያንቺ ገጽ ላይ።"

"ጽፈሃል?"

"የክርስትና ስሜን ማን ያውቃል ብዬ ነዋ።" አንገቱን አከከ። "የጻፍሁት እሱም ከነስልኬ ወጥቶ ነው የሚሄደው? እኔው ራሴ በጀልባዬ ጭኜ ነው የወሰድሁት?"

"አዎ።"

"አባትሽም አስቀምጠውታል?"

"ማኅደር ውስጥ።"

አለበል ወደፊቱ ዞረ። ምን ብሎ እንደጻፈ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ብቻ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ማዕበሉን ትመታው ጀመር። ውሃ ፊታቸውን ረጨው። "እባክህ ቀስ" ብትለው እንኳ የሚሰማ አልሆነም።

ቢሆንም አልቀደሙትም። ደቅ ሲደርሱ ትልቁ ጀልባ ሰውና እህል አውርዶ ጨርሷል። መቅደላዊት ጫማዋ ጭቃ እየዋጠው ዳገቱን ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳልማ ዘልቃ ስትገባ አባቷ ትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ቢያዝን አጠገባቸው ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ማኅደሩ ተከፍቷል። ወረቀቶቹ በመሪጌታ ጭን ላይ ተዘርግተዋል።

"ይኸው! የእግዜር ሥራ!" አሉ መሪጌታ ገድሉ ሲያዩዋት፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። "እንኳን መጣሽ ልጄ። መነጽሬ አሮጌ ሆኖ ይቺ ያንቺ ደቃቃ ፊደል አልለይ አለኝ። ይኸ ምስኪን ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበት መጥቷል። የወለተ ኪዳንን ቁጥር አንብቢለት።"

ወረቀቱን ዘረጉላት። መቅደላዊት ተቀበለች። እጇ ላይ ነው፤ ስሙ፣ ጸሎቱ፣ "ወንዛዬ"፣ ቁጥሩ። ቢያዝን ወደላይ አያት። ያው የጧቱ ፊት ነው፣ የዋህ፣ የደከመው።

"አንብቢለት እንጂ" አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ እንግዳቸው ዞረው በርኅራኄ ጠየቁት፤ "ለመሆኑ የልጁ ጆሮ ምን ሆኖ ነው ልጄ?"

"ከዛፍ ወድቆ ነው አባቴ" አለ ቢያዝን። "ማንጎ ላይ ወጥቶ።"

መቅደላዊት ወረቀቱን አጠፈችው።

"ጧት ከተወለደ ጀምሮ ነው ብለውኝ ነበር" አለች።

"እ?"

"መግል ይይዛል፣ ይፈሳል ነበር ያሉኝ።"

ቢያዝን ቆቡን ከጉልበቱ አነሣ፣ መልሶ አኖረው። "ያው ነው። ፊትም ያመው ነበር፣ ሲወድቅ ደግሞ ባሰበት።"

መሪጌታ ትኩር ብለው አዩት። ብዙ ባልና ሚስት ፊታቸው ተቀምጦ ያውቃል፤ የሚያውቁትን ነገር ሲሰሙ የሚያሳዩት ፊት አላቸው፣ መቅደላዊት ታውቀዋለች። እጃቸው ከጎናቸው ያለውን መቋሚያ ፈልጎ ያዘ።

"ልጄ፣ በእጅህ ነው?" አሉት በለሆሳስ።

"ምኑ?"

"የልጁ ጆሮ።"

ቢያዝን ብድግ አለ። ያ ለስላሳ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ! "ልጄን ብቀጣስ? ልጄ አይደለም? ሚስቴን ደብቃችሁ ደግሞ ትመረምሩኛላችሁ? ምን አገባችሁ!" እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። መቅደላዊት ወደ ኋላ አለች፤ አባቷም መቋሚያቸውን ተመርኩዘው በመካከል ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቢገፋቸው ይወድቃሉ። እሱም ሊገፋቸው ምንም አልቀረው።

"መልእክት ካለዎት ይንገሩኝ፣ ቃል በቃል አደርስላታለሁ" አለች መቅደላዊት። "ከፈለገች ራሷ ትደውልልዎታለች። ቁጥሩን ግን አልሰጥም። ጆሮው ከዛፍ ወድቆ ቢሆንም አልሰጥም ነበር።"

ቢያዝን አንዴ እሷን፣ አንዴ መሪጌታን አየ። ከዚያ ቁጣው እንደመጣ ጠፋ። ቆቡን ደፋ፣ አቧራውን ከሱሪው አራገፈ።

"ግድ የለም" አለ። "ግድ የለም፣ ቸር ዋሉ።" ወደ ጀልባው ቁልቁል ሄደ። ዞሮም አላየ።

መሪጌታ ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው አጠረ። "ምስኪን መስሎኝ!" አሉ። "እንባውን አይቼ እኮ ነው። ማርያምን፣ ሆዴን ነው የበላኝ።"

መቅደላዊት ግን "ግድ የለም" የሚለው ቃል አላስቀምጥ አላት። ሚስቴን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ሐይቅ የተሻገረ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይሄዳል?

"አባዬ፣ ወረቀቶቹን ካወጡ በኋላ ለብቻው ትተውት ነበር?"

"ለብቻው? የት ልሄድ…" አሉና ቆም አሉ። "መነጽሬን ላመጣ ቤት ገብቼ ነበር። አሁን እኮ ነው፣ ብዙም አልቆየሁ።"

"ወረቀቶቹስ?"

"እዚሁ ድንጋዩ ላይ።" መሪጌታ ፊታቸው አመድ መሰለ። "እሱ ፊት።"

አይቶት ይሆናል። አላየውም ይሆናል። አይቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን አንብቡልኝ ብሎ ይጠብቅ ነበር? እኛ እንዳንጠረጥር ይሆን? መቅደላዊት አንዱን ስታነሣ ሌላው ይጥላታል። ከባሕሩ የትልቁ ጀልባ ጡሩምባ ተሰማ።

"ከዛሬ ወዲያ እንዲህ ያለው ጉድ እኔ ቤት አያድርም" አሉ መሪጌታ። ወረቀቶቹን ሰበሰቡ፤ ወዲያው ግን እጃቸው አመነታ። "ታዲያ ምን ላድርገው? የኪዳን ስም አለበት፣ የሚካኤል ስም አለበት። እሳት ውስጥ አልጨምረው።"

መቅደላዊት አንዱን ወረቀት አንሥታ ዘረጋችው። "ስሙ ያለው በዚህ በኩል ነው አባዬ። በዚያ በኩል ያለው ቦታና ስልክ ነው። ቁጥር ምን ቅዱስ ስም አለበት?"

አባቷ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው የብርዕ መቅረጫ ሰንጢያቸውን አወጡና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አንጥፈው ከላይ እስከ ታች ይቆርጡት ጀመር። መጀመሪያ የወለተ ኪዳንን። ቀጥሎ የሌላውን። አለበልም ከኋላ ደርሶ ሳይጠራ ተቀመጠና የተቆረጠውን ቁራጭ እየለቀመ ብትንትኑን ያወጣው ጀመር።

መቅደላዊት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች። አንድ መስመር መጣ፣ ጠፋ፣ ሁለት ሆኖ መጣ። ከመደወሏ በፊት ግን እጇ ዘገየ። ባንቺአየሁን ምን ትበላት? "አላገኘውም፣ ሄዷል፣ አይዞሽ" ማለት ይቻላል። ግማሹ እውነት ነው። ሴትዮዋ ማታ ትተኛለች፣ ልጁ ፍል ውሃውን ይጨርሳል፣ መቅደላዊትም ሱቋን ከፍታ እንደ ወትሮዋ ትውላለች። ባያየውስ? ያልታየ ነገር ተነግሮ ምስኪኗን ከሞቀ ቦታ ማስነሣት ኃጢአት አይሆንም?

ደወለች። አሁን ቶሎ ተነሣ።

"አገኘው?" አለች ባንቺአየሁ።

"አላውቅም" አለች መቅደላዊት። "ከእጃችን አልሰጠነውም። ግን ወረቀቱ ለጥቂት ጊዜ ፊቱ ነበር፣ ማንም አጠገቡ አልነበረም። አይቶት እንደሆነ አላውቅም እህቴ። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። እንዳየው አድርገሽ ቁጠሪው።"

"አንቺን ብሎ የጸሎት ገጽ!" አለች ባንቺአየሁ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር። "ምን ፈልገሽ ነው ስልኬን የጠየቅሽኝ? ምን ልታደርጊበት?"

"ምንም" አለች መቅደላዊት። እንባዋ መጣ። "ለምንም አልፈለግሁትም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።"

"ዝም ብለሽ።"

"አዎ።"

ባንቺአየሁ ከስልኩ ራቅ ብላ ልጁን በጩኸት ጠራችው፤ እንዲሰማት ነው። "ና ጫማህን አድርግ! ጫማህን!" የመዝጊያ ድምፅ ተሰማ፣ የዕቃ መንኳኳት። ወደ ስልኩ ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ጀልባው ባሕር ዳር እስኪደርስ ጊዜ አለኝ አይደል?"

"አለሽ። አሁኑኑ ከተነሣሽ አለሽ።"

"እሺ። መኪና አላጣም። እንግዲህ የምሄደው አክስቴ ዘንድ ነው፤ መሪጌታ በጸሎት ሲያስቡኝ እንዲያውቁት፣ ያለችበት…"

"አትንገሪኝ!" አለች መቅደላዊት።

"እ?"

"የምትሄጅበትን አትንገሪኝ። ለእኔም፣ ለአባቴም፣ ለማንም። ይቺንም ቁጥር ጥለሽ ሌላ አውጪ። ስምሽን ብቻ ይጠሩልሻል፤ ስምሽ ይበቃል።"

ባንቺአየሁ ስልኩን ዘጋችው።

መቅደላዊት እዚያው ጉብታው ላይ ተቀመጠች። የደወለችበትን ቁጥር ከስልኳ አጠፋችው። ቀጥላ የድረ ገጹን ጓዳ ከፈተችና የስልኩንና የቦታውን ዓምድ መረጠች፤ "ይጥፋ?" ሲላት ይጥፋ አለች። ስሞቹን ተወቻቸው። ከዚህ ወዲያ ባንቺአየሁ አክስቷ ዘንድ ትድረስ አትድረስ፣ የልጁ ጆሮ ይዳን አይዳን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ትልቁ ጀልባ ከደሴቱ ርቆ ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል፤ ከዚህ ሆኖ ላየው ቆሞ የቀረ ይመስላል።

ስትወርድ አባቷ ገና እየቆረጡ ነው። ሰንጢውን ይዘው ቀና አሉ።

"ተገኘች? ወዴት ልሄድ ነው አለችሽ?"

"እንዳትነግረኝ አልኋት" አለች መቅደላዊት፣ የቀሩትን ወረቀቶች ከጭናቸው ላይ አንሥታ አጠገባቸው እየተቀመጠች።